ነርሷ ስለ ሽንትና ሰገራ ለምን ትጠይቃለች? አልጋ አጠገብ የሚለኩ ነገሮችና ትርጉማቸው

ሆስፒታል ተኝቶ የታከመ ወይም ዘመድ ያስታመመ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ገና ሳይነጋ ተረኛዋ ነርስ ትመጣለች። ብብት ሥር ቴርሞሜትር ታስገባለች። የግፊት መለኪያውን ክንድ ላይ ጠቅልላ ትነፋለች። የእጅ አንጓ ይዛ ሰዓቷን ታያለች። ቁጥሮቹን ቻርት ላይ ትጽፋለች። ከዚያ ትጠይቃለች፦ «አባባ፣ ሌሊት ሽንት ወጥቶልዎታል? ሰገራስ?»

አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ዞር ያደርጋሉ። «ተመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ» ይላሉ።

ጨዋ መልስ ነው። ጥያቄው ግን አልተመለሰም። ስንት ጊዜ እንደወጣላቸው፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ ምን እንደሚመስል አልታወቀም። ጎበዝ ነርስ ታዲያ ጥያቄውን ጠበብ ታደርገዋለች። «ከትናንት ማታ ወዲህ ስንት ጊዜ ወጣልዎት? በዚህ ዕቃ ቢለካ እስከ የት ይደርሳል?» እንዲህ ሲጠየቁ ሰዎች ይመልሳሉ።

በዋርድ ቋንቋ «ቫይታል ሳይን» የሚባሉት ቁጥሮች፣ ማለትም ትኩሳት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽና ግፊት፣ ለብዙ ሰው ሕክምና ናቸው። ሽንትና ሰገራ ደግሞ የጽዳት ጉዳይ ይመስሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለቱ የአንድ ሰውነት አንድ ወሬ ናቸው። ለየብቻ ከተነበቡ ሁለቱም ያሳስታሉ። እኛ አገር ደግሞ ፖፖውን የሚደፋው፣ የሽንት ከረጢቱን የሚያየው፣ ሌሊት ታካሚውን ደግፎ ሽንት ቤት የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ አስታማሚው ነው። ስለዚህ ይህ ማብራሪያ ለነርስነት ተማሪ ብቻ አይደለም። አልጋ ሥር ፍራሽ አንጥፎ ለሚያድረው ወንድም፣ እህትና ልጅም ነው።

ትኩሳትና የልብ ምት

ትኩሳት ቀላሉ ነው። ብብት ሥር ሲለካ የጤነኛ አዋቂ ሙቀት ከ36 እስከ 37.5 ዲግሪ አካባቢ ነው። አፍ ውስጥ ሲለካ ግማሽ ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። 38 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው። ብብት በላብ ከራሰ መጀመሪያ ይደርቃል፤ ክንዱም ደረት ላይ ይጣበቃል። ትኩስ ሻይ የጠጣ ሰው ወዲያው አፉ ውስጥ አይለካም። ሙቀት ጠዋት ዝቅ፣ ወደ ማታ ከፍ ስለሚል የዛሬን ጠዋት ከትናንት ጠዋት ጋር ማወዳደር ይሻላል።

ሰው የሚፈራው ከፍ ያለውን ነው። ዝቅ ያለውም ያስፈራል። ከባድ ኢንፌክሽን የያዘው ሽማግሌ ወይም ጨቅላ ሕፃን በመጋል ፈንታ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ከ35 ዲግሪ በታች የወረደ ሰው አስቸኳይ እርዳታ ያስፈልገዋል።

የልብ ምት ዕረፍት ላይ ላለ አዋቂ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። በአውራ ጣት ሥር በኩል፣ የእጅ አንጓ ላይ፣ በጠቋሚና በመሐል ጣት ይዳሰሳል። በአውራ ጣት አይያዝም፤ አውራ ጣት የራሱ ምት ስላለው የራስዎን ልብ ሊቆጥሩ ይችላሉ። ምቱ እኩል እየሄደ ከሆነ 30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት ይበቃል። የሚዘል ወይም የሚዘበራረቅ ከሆነ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። ቁጥሩ ብቻ አይደለም የሚታየው፤ ጉልበቱም ይታያል። ጣት ሥር የሚጠፋ፣ ክር የመሰለ ፈጣን ምት ሲገኝ ነርሷ ካርዱን ትታ ወደ ሐኪሙ ትሄዳለች።

ትንፋሽን ማንም አይቆጥርም

ይህንን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፤ ያስቆጨኛልና።

የአዋቂ ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው። ለመቁጠር ማሽን አያስፈልግም። ዓይንና ሰዓት ይበቃሉ። ሆኖም ከሁሉም ምልክቶች በጣም የሚዘነጋው እሱ ነው። ዋርድ ውስጥ የሁሉም ታካሚ ትንፋሽ 20 ተብሎ ተጽፎ ካየሁ ቁጥሩን አላምነውም። ሃያ ሰው ተኝቶ ሃያውም እኩል አይተነፍስም።

ትንፋሽ የሚቆጠረው ታካሚው ሳያውቅ ነው። «አሁን ትንፋሽዎን ልቆጥር ነው» ከተባለ ማንም ሰው ትንፋሹን ያስተካክላል። ልምድ ያላት ነርስ የልብ ምቱን ቆጥራ ስትጨርስ እጁን አትለቅም። አንጓውን እንደያዘች ዓይኗን ወደ ደረቱ ትመልሳለች። ደረቱ ወጣ፣ ወረደ፤ አንድ። እንዲህ እያለች ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። ብርድ ልብሱ ወፍራም ከሆነ የታካሚውን እጅ ደረቱ ላይ ታሳርፈዋለች፤ እጁ ሲነሳና ሲወርድ ይታያል።

ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? ሰውነት ኦክስጅን ሲያጥረው ወይም ደም ውስጥ አሲድ ሲበዛበት ቶሎ ከሚለውጣቸው ነገሮች አንዱ የትንፋሽ ፍጥነት ነው። የሳንባ ምች፣ የደም መፍሰስ፣ ደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን፣ ከቁጥጥር የወጣ ስኳር፤ ሁሉም ትንፋሽን ያፈጥናሉ። ብዙ ጊዜም ግፊት ከመውረዱ በፊት ነው። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣና በ2017 የተሻሻለ የማስጠንቀቂያ ነጥብ አሰጣጥ አለ። እዚያ ትንፋሹ በደቂቃ 25 የደረሰ አዋቂ በዚህ አንድ ምልክት ብቻ ከፍተኛውን 3 ነጥብ ያገኛል።

ለሕፃናት ቁጥሩ ይለያል። ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣቸው እነዚህ ቁጥሮች ጤና ኬላ ድረስ ወርደዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ምችን የሚለዩት ደረት በመቁጠር ነው። ሕፃኑ እያለቀሰ ወይም እየጠባ መቁጠር ግን አይሠራም፤ እስኪረጋጋ ይጠበቃል። ሲተነፍስ የታችኛው የደረቱ ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን መጠበቅ አያስፈልግም። ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው።

ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ2020ው ኮሮና ወዲህ በየቤቱ ገብታለች። ጥሩ ነው። 95 በመቶና ከዚያ በላይ ካሳየች ብዙውን ጊዜ አያሰጋም። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ግን ጤነኛ ሰውም ጥቂት ነጥብ ዝቅ ሊል ይችላል። ጥፍር ቀለምና የቀዘቀዘ እጅ ያሳስቷታል። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መሣሪያዋ ከእውነተኛው ከፍ አድርጋ ልታነብ እንደምትችል ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ 93 እያነበበች ሰውየው በደቂቃ 30 ጊዜ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሹ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ማመን ያለብን ሰውየውን ነው።

ግፊት ከመለካቱ በፊት

ግፊት ከ120/80 በታች ሲሆን ጥሩ እንላለን። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን የደም ግፊት በሽታ ይባላል። የላይኛው ከ90 በታች ሲወርድ፣ በተለይ ከማዞርና ከቀዝቃዛ ላብ ጋር፣ አደጋ ነው።

ይህን አብዛኛው ሰው ያውቀዋል። የማይታወቀው አለካኩ ነው። ሰውየው ደረጃ ወጥቶ መጥቷል። አሁን ቡና ጠጥቷል። የሹራቡ እጅጌ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ክንዱን አንቆታል። እግሩን አጣምሯል። እየተለካ ስለ ልጁ ሠርግ ያወራል። ይህ ሁሉ ቁጥሩን ይለውጣል። ትክክለኛው አምስት ደቂቃ ጀርባን አስደግፎ መቀመጥ ነው። እግር መሬት ይነካል፣ ክንድ ልብ ትክክል ባለ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፣ ወሬ ይቆማል። ቡናና ሲጋራ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ክንዱ ወፍራም ለሆነ ሰው ጠባብ መጠቅለያ መጠቀም ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። በዚህ ብቻ መድኃኒት የተጀመረለት ሰው ሊኖር ይችላል።

ከዝርዝሩ አንድ ነገር ሆን ብዬ አስቀርቼ ነበር። ፊኛ መሙላት። ሽንቱ የወጠረው ሰው ግፊቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከመለካት በፊት «ሽንት ቤት መሄድ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ የልኬቱ አካል ነው። በራሳቸው መናገር የማይችሉ፣ ለምሳሌ ስትሮክ መትቷቸው አንደበታቸው የተያዘ አረጋዊ፣ በድንገት ሲቁነጠነጡና ግፊታቸውና የልብ ምታቸው ሲጨምር ነርሷ መጀመሪያ ከእምብርት በታች ትዳስሳለች። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ማሸናት ነው።

ሽንት የሚናገረው

ጤነኛ አዋቂ በቀን ከ800 ሚሊ ሊትር እስከ 2 ሊትር ይሸናል። በጣም የታመመን ሰው ስናይ ግን በቀን ሳይሆን በሰዓት ነው የምናስበው። ስሌቱ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በሰዓት ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሊትር። ሰውየው 60 ኪሎ ከሆነ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ከሁለት የሾርባ ማንኪያ አይበልጥም። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከዚያ በታች ለሰዓታት ከቆየ ኩላሊት ችግር ላይ ነው። ወይም ኩላሊት የሚደርሰው ደም አንሷል።

ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ገደማ የሚሄደው ወደ ኩላሊት ነው። ደም ሲጎድል ወይም ፈሳሽ ሲያልቅ ሰውነት ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ የሚያደርገውን ያደርጋል። ለዛሬ ሕይወት የግድ ያልሆነውን ይቀንሳል። አእምሮና ልብ እንዳይጎድልባቸው ከቆዳ፣ ከአንጀትና ከኩላሊት ይወስዳል። ስለዚህ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፤ ሽንት ይቀንሳል። ሽንት የውስጥ የደም ዝውውር መለኪያ የሚሆነው በዚህ ነው። ርካሽ መለኪያ ነው፤ ምልክት ያለበት ዕቃ ብቻ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ የሚምታታ ነገር አለ። ሽንት አልወጣም ማለት ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ኩላሊት አላመረተም፣ ወይ ተመርቶ ፊኛ ውስጥ ታግቷል። ሕክምናቸው ለየቅል ነው። ለመጀመሪያው ፈሳሽ ሊያስፈልግ ይችላል። ለሁለተኛው ፈሳሽ መጨመር ስቃይ መጨመር ነው። ነርሷ የምትለየው በእጇ ነው። ከእምብርት በታች ክብ ሆኖ የወጠረ፣ ሲጫኑት ሰውየው ፊቱን የሚያኮማትርበት እብጠት ካለ ፊኛው ሞልቷል። ፕሮስቴት ያስቸገራቸው አባት ዘንድ ይህ ነገር በጣም ያታልላል። ልብሳቸው ሁልጊዜ ርጥብ ነው። ጠብ ጠብ ይላል። ቤተሰብ «ሽንት መቆጣጠር አቃታቸው» ይላል። በእውነቱ ግን ፊኛው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። ሽንቱ ወደ ኋላ ገፍቶ ኩላሊትን ይጎዳል።

ሽንት ለታገደበት ሰው ካቴተር (ሽንት ማውጫ ቱቦ) ከመግባቱ በፊት ቀላል ነገር ይሞከራል። መጋረጃ መዝጋት። ወንዶችን ደግፎ ማቆም፣ ሴቶችን ማስቀመጥ። ቧንቧ ከፍቶ የውሃ ድምፅ ማሰማት። አሥር አልጋ በተደረደረበት ክፍል፣ ጠያቂ ሞልቶ ሳለ፣ ተኝተው ፖፖ ላይ ሽኑ የተባሉ እናት ባይሸኑ አይገርምም። ጠያቂዎችን ለአምስት ደቂቃ ማስወጣት ሕክምና ነው።

ካቴተር የገባለት ሰው ሽንቱ በድንገት ቢቆም ደግሞ መጀመሪያ ቱቦውን እንይ። ጭን ሥር ገብቶ ተጣጥፎ ይገኛል። ከረጢቱ ከፊኛ በታች መንጠልጠል አለበት። ወለል ላይ ግን አይቀመጥም። ታካሚው ወደ ራጅ ሲወሰድ አስታማሚ ከረጢቱን ሆዱ ላይ ሲያስቀምጥለት ይታያል። አሳቢነት ነው፤ ግን የቆየ ሽንት ወደ ፊኛ ይመለሳል፣ ኢንፌክሽንም ይዞ ይገባል።

ቀለሙም ይነበባል። ፈዛዛ ቢጫ ጥሩ ነው። ጠቆር ያለ ቢጫ ብዙውን ጊዜ ውሃ ማነስ ነው። የቀዘቀዘ ሻይ ወይም ኮካ ኮላ የመሰለ ሽንት የጉበት ችግር፣ ደም ወይም የጡንቻ መጎዳት ሊሆን ይችላል። ተደፍቶ የማይጠፋ አረፋ ፕሮቲን ሊሆን ይችላል። ቀይ ሥር የበላ ሰው ሽንቱ ቢቀላ አይደንግጥ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ሰውም ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንቱን፣ ላቡንና እንባውን ብርቱካናማ እንደሚያደርግ ከወዲሁ ሊነገረው ይገባል። ሳይነገረው ቀርቶ «ደም ሸናሁ» ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ይኖራል። ነቀርሳ ላይ መድኃኒት ማቋረጥ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ እናውቃለን።

አስታማሚን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሽንት ይለካ ከተባለ ሳይለካ አይደፋ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አፉን ቆርጦ መጠቀም ይቻላል። በብጫቂ ወረቀት ላይ ሰዓቱን፣ መጠኑን፣ መልኩን መጻፍ። የገባውንም እንዲሁ፤ ውሃው፣ ሾርባው፣ ሻዩ፣ የተሰካው ግሉኮስ። ትውከትና ተቅማጥ ከወጪ ጋር ይቆጠራሉ። ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) የሚወስድ የልብ ታካሚ ከሆነ ደግሞ በየጠዋቱ፣ ሽንት ከሸና በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ ይመዘን። አንድ ኪሎ በአንድ ሌሊት ከጨመረ ሥጋ አይደለም። አንድ ሊትር ያህል ውሃ ነው።

አንድ ታካሚ፣ አራት ሰዓት

ሁሉም አብሮ ሲነበብ ምን እንደሚመስል በምሳሌ ላሳይ። እንበል፣ ሆዱን ኦፕራሲዮን የሆነ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ ዋርድ ወጣ።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የልብ ምቱ 84፣ ትንፋሹ 16፣ ግፊቱ 124/78 ነው። በሰዓት 60 ሚሊ ሊትር ይሸናል። 10 ሰዓት ላይ ምቱ 98፣ ትንፋሹ 20፣ ግፊቱ 122/84 ሆነ። ሽንቱ በሰዓት 35 ወረደ። 12 ሰዓት ላይ ምቱ 112፣ ትንፋሹ 24፣ ግፊቱ 118/90፣ ሽንቱ በሰዓት 20።

ግፊቱን ብቻ ያየ ሰው «አሪፍ ነው» ብሎ ያልፋል። 118/90 የሚያስጮህ ቁጥር አይደለም። አብረው ሲታዩ ግን ሰውየው ውስጡ እየደማ ሊሆን ይችላል። ጤነኛ አዋቂ ከጠቅላላ ደሙ እስከ 30 በመቶ ገደማ እስኪያጣ ድረስ የላይኛው ግፊት ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ጊዜ የሚናገሩት ሌሎቹ ናቸው። ምት ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ሽንት ያንሳል፣ የላይኛውና የታችኛው ግፊት ልዩነት ይጠብባል። እዚህ ምሳሌ ላይ ልዩነቱ ከ46 ወደ 38፣ ከዚያ ወደ 28 ወርዷል። ግፊቱ የሚወድቅበትን ሰዓት የጠበቀ ሰው ዘግይቷል።

ሌላው ምሳሌ የወላድ ክፍል ነው። እርግዝናዋ 20 ሳምንት ካለፈ በኋላ ግፊቷ 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሽንቷ ውስጥም ፕሮቲን የተገኘባት እናት ፕሪኤክላምፕሲያ ይዟታል። ከባድ ከሆነ፣ እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዚየም ሰልፌት ይሰጣታል። ሕይወት አዳኝ መድኃኒት ነው። ግን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ሽንት ካነሰ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከበዛ ትንፋሽን እስከማቆም ይደርሳል። ስለዚህ ነርሷ ወይም አዋላጇ ቀጣዩን መጠን ከመስጠቷ በፊት ሦስት ነገር ታያለች። ትንፋሿ በደቂቃ 16 እና ከዚያ በላይ ነው? ጉልበቷ በትንሿ መዶሻ መታ ሲደረግ እግሯ ይፈናጠራል? ባለፉት 4 ሰዓታት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ሸንታለች? አንዱ ከጎደለ መርፌው አይወጋም። ትንፋሽዋ ከቀነሰ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው፤ እሱም እዚያው ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። አስታማሚዋ ከረጢቱን ሳታስለካ ብትደፋው ከሦስቱ አንዱ መልስ አጣ ማለት ነው።

በሰላም የወለደች እናትም ብትሆን በ6 ሰዓት ውስጥ መሽናቷ ይመዘገባል። የሞላ ፊኛ ማሕፀንን ገፍቶ እንዳይኮማተር ያደርገዋል። ያልተኮማተረ ማሕፀን ይደማል። አዋላጇ «እናቴ፣ እስቲ ሽንት ሞክሪ» እያለች የምትጨቀጭቀው ለዚህ ነው። አጥሚቱን ይዘው የመጡት ቤተሰቦች ይህንን ቢያግዟት ጥሩ ነው።

ሰገራ

በቀን ሦስት ጊዜም ይሁን በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሰውየው የተለመደ ከሆነ ጤነኛ ነው። ነርሷ ስለዚህ «በፊት እንዴት ነበር?» ብላ ትጀምራለች። በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ሰገራ ተቅማጥ ይባላል።

መልኩ ላይ ልብ የሚባሉ ጥቂት ነገሮች አሉ። ሬንጅ የመሰለ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ ክፉ ሽታ ያለው ሰገራ ከጨጓራ አካባቢ የደም መፍሰስ ሊሆን ስለሚችል አያድርም። የደም ማነስ መድኃኒት የምትወስድ ነፍሰ ጡርም ሰገራዋ ይጠቁራል፤ እሱ ግን አያጣብቅም፣ ያን ያህልም አይሸትም። የነጣ፣ ጭቃ የመሰለ ሰገራ ከጠቆረ ሽንትና ከዓይን ቢጫነት ጋር ከመጣ የሐሞት መንገድ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። የሩዝ እጣቢ የመሰለ፣ እንደ ውሃ የሚወርድ ተቅማጥ ደግሞ አተትን (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከትን)፣ በተለይም ኮሌራን ያስጠረጥራል። ኮሌራ ከበረታ በሰዓት አንድ ሊትር ሊያስወጣ ይችላል። በጥቂት ሰዓት ምት ይፈጥናል፣ ይደክማል፣ ዓይን ይሰረጉዳል፣ ሽንት ይቆማል። ኦ አር ኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው) ወይም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ በሚገባ ገብቶ እንደሆነ የሚታወቀውም በሽንት ነው። የጠፋው ሽንት ሲመለስ ነርሷ ፊቷ ይፈታል።

ሆዱን ኦፕራሲዮን ለሆነ ሰው የሚቀርበው ጥያቄ ደግሞ «ጋዝ ወጣልዎት?» የሚል ነው። ጠያቂ ይስቃል። የሚያስቅ አይደለም። አንጀት ሥራ መጀመሩን የሚያበስር ምልክት ነው። ሆዱ ተነፍቶ፣ ጋዝም ሰገራም አልወጣ ብሎ፣ ትውከት ከጨመረ አንጀቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ኦፕራሲዮን ያልሆነ ሰውም ላይ ይህ ሲታይ ችላ አይባልም፤ በአገራችን ከሚታወቁት ምክንያቶች አንዱ የአንጀት መጠማዘዝ ነው፣ እሱም ሰዓት አይሰጥም።

የሆድ ድርቀትን ሰው ይንቀዋል። እንደ ትራማዶልና ሞርፊን ያለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ፣ አልጋ ላይ የዋለ፣ ውሃ የማይጠጣ ሰው ሁሉ ይደርቅበታል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ትንፋሹን ይዞ ሲያምጥ ግፊቱና ምቱ ይዘበራረቃል። ሽንት ቤት ውስጥ ራሱን ስቶ የሚወድቅም አለ። በጣም የሚያሳስተው ግን ይህ ነው። አልጋ ላይ ረጅም ጊዜ የቆዩ እናት ለቀናት ሰገራ አልወጣላቸውም። ከዚያ ቀጭን ፈሳሽ ሰገራ ማምለጥ ይጀምራል። ቤተሰብ ተቅማጥ መስሎት ማቆሚያ መድኃኒት ይገዛል። ውስጡ ግን የደረቀ ሰገራ ዘግቷል፤ የሚያመልጠው በጎኑ የሚያልፈው ፈሳሽ ነው። ማቆሚያው ነገሩን ያባብሰዋል። ነርስ ወይም ሐኪም በጓንት ዳስሶ ካላየው በቀር በግምት አይታወቅም።

ስለ ጨቅላ ሕፃናት ሳልጠቅስ አላልፍም፤ እነሱ በአፍ አይናገሩም። አብዛኞቹ ሕፃናት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሸናሉ፣ ጥቁር የሚያጣብቀውን የመጀመሪያ ካካም ይላሉ። አራትና አምስት ቀን ሲሞላቸው ካካው ወደ ቢጫ ይለወጣል። በደንብ የሚጠባ ሕፃን በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ዳይፐር ያረጥባል። «ወተቴ አይበቃውም መሰለኝ» ብላ ለምትጨነቅ እናት ከሁሉ በፊት የሚያረጋግጥላት እሱ ነው። ብብቱ ሥር ሲለካ ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 መሆን አለበት። ሁለት ቀን ሞልቶት ካካ ያላለ፣ ሆዱ የተነፋ፣ አረንጓዴ የሚያስታውክ ወይም አልጠባ ብሎ የቀዘቀዘ ሕፃን ካጋጠመ ግን «እስኪ ነገ ይታይ» አይባልም፤ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ይዞ መሄድ ነው።